ስለ ማገዶ እንጨት አከማመርና አደራረቅ

እሳት ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ የለም። እንጀራ የሚጋገረው፥ ወጥ የሚሠራው፥ የሕፃን ገላ መታጠቢያ የሚሞቀው፥ ብርድም የሚርቀው በእሳት ነው። እሳት ግን ያለ ማገዶ አይኖርም። ነቢዩ ኤልያስ በራብ ዘመን ወደ ሰራፕታ በወረደ ጊዜ መበለቲቱን ያገኛት እንጨት ስትለቅም ነበር፤ ዱቄት በማድጋው ቢኖርም ያለ እንጨት እንጎቻ አይሆንምና። በባላገር ስለ እርሻ፥ ስለ ከብትና ስለ ንብ ብዙ ምክር ይሰጣል፤ ስለ ማገዶ ግን «እንጨት ያው እንጨት ነው» እየተባለ ይታለፋል። ነገር ግን እንጨትና እንጨት ከአንድ ዛፍ ተቈርጦ፥ በአንድ ቀን ተቈርጦ፥ አንዱ ቤት የሚያሞቅ ሌላው ዓይን የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ብርዳም አገር፥ ክረምት በገባ ቍጥር የሚከተለውን የመሰለ ነገር በብዙ ቤት ይደርሳል። አንድ ገበሬ ሚስቱ መፅነሷን በኅዳር ወር ባወቀ ጊዜ የመውለጃዋ ወራት ሐምሌ እንደሚሆን ቈጠረ፤ አስቦም ከጓሮው ባሕር ዛፍ አሥራ ሁለት ግንድ ቈርጦ ጣለ። ይህን ያህል አርቆ ማሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ቅርንጫፉን መልምሎ፥ ግንዱን ግን ሳይፈልጥ ከነቅርፊቱ፥ ከዛፎቹ ጥላ ሥር በሣር ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ጫነና «የአራሷ እንጨት ተዘጋጀ» ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ሐምሌ ደረሰ፤ ሴቲቱም በደኅና ወለደች። የአራስ ቤት እሳት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም፤ ገንፎው አለ፥ አጥሚቱ አለ፥ የሕፃኑ መታጠቢያ አለ። ገበሬውም ወደ ክምሩ ሄዶ ቢያነሣ የታችኛውን ግንድ ምስጥ በልቶታል፤ የመካከሉ ሻግቷል፤ የላዩም ቢሆን በፋስ ተመትቶ በተከፈተ ጊዜ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ወደ ምድጃው ባስገቡት ጊዜ ጫፉ አረፋ ደፈቀ፥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅም አሰማ፤ ቤቱንም ጢስ ሞላው። አራሷ ዓይኗን መግለጥ ተሳናት፤ ገና ሰባት ቀኑ የሆነው ሕፃንም ይስል ጀመር።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ የሕፃኑን ሳል ሰምተው አንድ እቅፍ ፍልጥ ይዘው መጡ። እሳቱም ወዲያው ነደደ፤ ጢሱም ሳሳ። ገበሬው ተገርሞ «እማሆይ፥ ይህ እንጨት የመቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «የጥር ነው ልጄ» አሉት። «የኔ የኅዳር ነው፤ ከእርስዎ እንጨት በሁለት ወር ይቀድማል። እንዴት የኔው እርጥብ ሆኖ ቀረ?» አለ። እማሆይም «አንተ እንጨቱን አስቀመጥኸው እንጂ አላደረቅኸውም» ብለው መለሱለት።

የእማሆይ መልስ እውነት ነው። እንጨትን የሚያደርቀው የወራት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በእንጨቱ ገላ ላይ የሚያልፍ ነፋስ ነው፤ ፀሐይም ነፋስን ትረዳለች። ነፋስ ያላገኘው ግንድ ዓመት ቢቀመጥ ይበሰብሳል እንጂ አይደርቅም።

ስለ እንጨት ውኃ

እንጨት በግእዝ ዕፅ ይባላል፤ ዛፍም ያው ዕፅ ነው፤ አንዱ ቃል ለቆመውም ለተቈረጠውም ያገለግላል። በእርግጥም ዛፉ ተቈርጦ ሲወድቅ የቆመበትን ጊዜ ጠባይ ወዲያው አይተውም። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ውኃ የሚወጣባቸው፥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎች በግንዱ ውስጥ አሉት። በተቈረጠ ጊዜ ያ ውኃ በውስጡ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ አሁን የተቈረጠ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ከዛፍ ዛፍና ከወራት ወራት ጥቂት ይለያያል እንጂ። በሚገባ የደረቀ እንጨት ግን ከመቶ ከ15 እስከ 20 እጅ ብቻ ውኃ ይቀርበታል። አየር ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ፈጽሞ ውኃ የሌለበት እንጨት በደጅ አይገኝም።

ይህን በሒሳብ ማየት ይቻላል። 30 ኪሎ የሚመዝን የእርጥብ እንጨት ሸክም 15 ኪሎው ውኃ፥ 15 ኪሎው ዋናው እንጨት ነው። ያው ሸክም ደርቆ ከመቶ 20 እጅ ውኃ ብቻ ሲቀርበት ክብደቱ 19 ኪሎ ያህል ይሆናል። እንግዲህ እርጥቡን ከዱር ተሸክማ የመጣች ልጅ 11 ኪሎ ውኃ በጀርባዋ አምጥታለች ማለት ነው፤ ያውም ለመጠጥ የማይሆን ውኃ። እንጨቱ ተቈርጦና ተፈልጦ እዚያው ባለበት ጥቂት ወር ቢደርቅ፥ ሁለት ጊዜ ሊመላለሱበት የሚገባውን መንገድ ከሞላ ጐደል በአንድ ጉዞ መጨረስ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን የጋራ ዱር ሲሆን የቈረጡትን ጥሎ መሄድ ለሌላ ሰው መተው ስለሚሆን፥ ይህ የሚሆነው የራሱ ተክል ላለው ሰው ነው።

ከሸክሙ ይልቅ በምድጃው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይከፋል። ውኃ በቀላሉ ተን አይሆንም። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ የሚወስደው ሙቀት አንድ እጅ ቢባል፥ ያ የፈላው ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ከ6 እጅ ይበልጣል። እርጥብ እንጨት በሚነድበት ጊዜ እሳቱ ጀበናውን ወይም ምጣዱን ከማሞቁ አስቀድሞ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ አፍልቶ ሊያተንን ይገደዳል። እመቤቲቱ አንድ ድስት የጣደች ይመስላታል፤ እሳቱ ግን ሁለት ድስት ነው የሚያፈላው፤ አንዱ ድስት በጕልቻው ላይ፥ ሁለተኛው በራሱ በእንጨቱ ውስጥ ነው።

ጢሱም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንጨት ሲሞቅ ከውስጡ የሚነድ እንፋሎት ይወጣል፤ እሳቱ ብርቱ ሲሆን ይህ እንፋሎት ነበልባል ሆኖ ይቃጠላል። በውኃ የቀዘቀዘ እሳት ግን ሊያቃጥለው አቅም ያጣል፤ እንፋሎቱም ሳይነድ ጢስ ሆኖ ይወጣና በጣራው ላይ ጥቀርሻ፥ በሰው ሳንባ ውስጥም በሽታ ይሆናል። ጢስ ማለት እንግዲህ ያልተቃጠለ ማገዶ ነው፤ ቤቱን ባጠቈረው መጠን የባለቤቱ ድካም በከንቱ ወጥቷል። አገሬው «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» እያለ ይተርታል። ተረቱ በፍርድ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በምድጃ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ እርጥቡን ለማንደድ ሲባል ደረቁ ሁሉ ያልቃል።

የጢስ ጉዳት ዓይን ከማስለቀስ ያለፈ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2020 ዓመተ ምሕረት ከእንጨት፥ ከኵበት፥ ከከሰልና ከነጭ ጋዝ በሚወጣ የቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜአቸው ከ5 ዓመት በታች የነበረ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱን በብዛት የሚጐዳው የሳንባ ምች ነው፤ በአዋቂዎችም ላይ የሳንባና የልብ በሽታ፥ የዓይንም ሞራ ያመጣል። በማድቤት የሚውሉት እናቶችና ሴቶች ልጆች፥ በእናቱም ጀርባ የታዘለው ሕፃን ከሌላው ቤተ ሰብ ይልቅ ይህን ጢስ ይጠጣሉ። ደረቅ እንጨት ጢስን ፈጽሞ አያስቀርም፤ እጅግ ግን ይቀንሰዋል። መስኮትና የጢስ መውጫ ያለው ማድቤት፥ እንዲሁም ምርት የተባለውን የመሰለ ዙሪያው የተከደነ የእንጀራ ምድጃ ሲጨመርበት ጥቅሙ ይበዛል። ነገር ግን በተሻለው ምድጃም ቢሆን እርጥብ እንጨት ያው እርጥብ እንጨት ነው።

እንጨቱ አልነድ ሲል የባላገር ቤት ወደ ኵበት ይዞራል። ኵበት ደግሞ የእርሻ ስንቅ ነው። እበቱ ወደ ማሳው ቢመለስ ለገብሱና ለስንዴው ኀይል የሚሆን ነበር፤ በምድጃ ሲቃጠል ግን የዛሬ እራት በከርሞ አዝመራ ይከፈላል። ስለዚህ እንጨቱን በበጋ ያደረቀ ሰው ሳያውቀው መሬቱንም አበላ ማለት ነው።

ስለ እንጨቱ ዓይነት

ወይራ፥ ግራርና ክትክታ ጥኑ እንጨቶች ናቸው፤ ብርቱ ፍም ይሰጣሉ፥ እሳታቸውም ይቈያል፤ ጥኑ ስለሆኑ ግን ለመድረቅ ይዘገያሉ። ጽድ ቶሎ ይቀጣጠላል፥ ነገር ግን እየተንጣጣ ፍንጣሪ ስለሚረጭ ሕፃን በተኛበትና ሣር በተነጠፈበት ቤት ጥንቃቄ ያሻዋል። ወይራ ለሌላም ጥቅም ይፈለጋል፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠነው በእርሱ ነው። እዚያ ላይ ጢሱ በመዓዛው የተወደደ ስለሆነ የሚነቅፈው የለም። ቍልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው ዓይንን የሚጐዳ ስለሆነ በማገዶ ክምር ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። በየደብሩ ዙሪያ የቆመው የጽድና የወይራ ዛፍ ለምሳር የተተወ አይደለም፤ በብዙ ወረዳ የአገሩ የዱር ዘር ተጠብቆ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብቻ ነውና።

ዛሬ በደጋው አገር የማገዶው አለቃ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ሲሆን፥ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመት ቢሆናት ነው፤ በዙሪያዋ የነበረው ዱር ግን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ አልቆ ነበር። ከዚያ በፊት የነገሥታት ከተማ እንጨት ባለቀ ጊዜ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወር ነበር፤ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶ ስለ ሰጠ ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች። የዚህ ዛፍ ሌላው መልካምነቱ ከተቈረጠ በኋላ ከጕቶው እንደገና ማቈጥቈጡ ነው። ስለዚህ ሲቈረጥ ጕቶው ከመሬት በላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ቀርቶ፥ ዝናብ እንዳይቋጥር ፊቱ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ፥ ቅርፊቱም ሳይላጥ ሊቈረጥ ይገባዋል። ውኃ ይጠጣልና ከምንጭ አጠገብ፥ ማሳንም ያደክማልና ከእርሻ ዳር አይተከልም።

ስለ መቍረጫውና ስለ መፍለጫው ጊዜ

ለመቍረጥ የተሻለው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከጥቅምት እኩሌታ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። የሰማዩ ጥራትና የበጋው ነፋስ ከፊት ለፊት ናቸውና ስድስት ወር ያህል የማድረቂያ ጊዜ ይገኛል። ነገር ግን እነዚሁ ወራት የአጨዳና የውቂያ ወራት ስለሆኑ ገበሬው እጁ አይፈታም። አዝመራው ይቅደም፤ እንጨቱ እስከ ጥር ቢዘገይ እንደ እማሆይ እንጨት በሚገባ ከተፈለጠና ከተደረደረ ለሐምሌ ይደርሳል። ከመጋቢት በኋላ የተቈረጠ ግን የበልግ ዝናብ በሚጥልበት አገር ለዚያው ክረምት መድረሱ ያጠራጥራል፤ ለከርሞ ይቀመጥ። እንጨት ከገበያ የሚገዛም ሰው ቢሆን ገንዘቡ ከፈቀደለት በታኅሣሥና በጥር ገዝቶ በቤቱ ያድርቀው፤ በሰኔ «ደረቅ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ደረቅ አይደለም።

ዛፉ እንደ ወደቀ አንድ ክንድ አንድ ክንድ እየሆነ ይቈረጥ። ውኃው በእንጨቱ ርዝመት ስለሚሄድ ዋናው መውጫው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ እንጨቱ ባጠረ መጠን መንገዱ ያጥራል። ቅርፊት ደግሞ እግዚአብሔር ዛፉ ውኃውን እንዳያጣ ያለበሰው ልብስ ነው፤ ከተቈረጠም በኋላ ሥራውን አይተውም፥ ውኃውን ይዞ ይቀራል። ይህን ልብስ የሚከፍተው መፍለጥ ነው። ከጡንቻ የወፈረ ጕማጅ ሁሉ ሁለት፥ ከጭን የወፈረው አራትና ከዚያም በላይ ይፈለጣል።

ፍለጣውም እንጨቱ እርጥብ ሳለ ይሁን። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በጥቂት ምት ይሰነጠቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ፋሱን ነክሶ ይይዛል፥ ፈላጩንም ያደክማል። ግንዱ የወፈረ እንደ ሆነ በጫፉ ላይ በሚታየው ስንጥቅ ሽብልቅ አግብቶ በመዶሻ መምታት ከፋስ ይሻላል። ቅርንጫፍ የወጣበት ጕጥ ያለው ጕማጅ ቢያስቸግር በግድ መታገል አይገባም፤ ሳይፈለጥ ለብቻው ይቀመጥና ለረጅም እሳት፥ ለምሳሌ ለንፍሮ፥ ዘግይቶ ይነደዳል። ፈላጩ እግሩን አራርቆ ይቁም፤ ሕፃናትም በፊቱና በኋላው አይቁሙ። የፋስ ራስ ከዛቢያው የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው፤ ዛቢያውም እንጨት ነውና ደርቆ ስለሚኰማተር።

ስለ አከማመሩ

አብዛኛው ስሕተት የሚደረገው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ገበሬ መከመር የለመደው እህል ነው። የእህል ክምር ዝናብ እንዳይገባበት ነዶው ተጠጋግቶ፥ ዙሪያው ክብ ሆኖ፥ ጫፉ ሾጥጦ ይሠራል። እንጨትንም በዚሁ ልማድ የሚከምር ብዙ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ክምሮች ተቃራኒ ናቸው፤ የእህሉ ክምር ነገር እንዳይገባበት ይሠራል፥ የእንጨቱ ክምር ግን ነፋስ እንዲገባበት ይሠራል። እህሉ ሲከመር አስቀድሞ ደርቋል፤ እንጨቱ ግን የሚደርቀው በክምሩ ላይ ነው።

አስቀድሞ ስፍራው ይመረጥ። ከዛፍ ሥርና ከአጥር ጥግ የራቀ፥ ውኃ የማይቋጥር፥ ከብት የማይተኛበት፥ ጧትና ማታ ፀሐይ የሚያገኘው ስፍራ መልካም ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ አውድማው መሄድ ይበቃል። ገበሬ እብቁን የሚያስወስድለትን ነፋስ ከአባቱ ተምሮ ያውቃል፤ አውድማውም የተበጀው እርሱ በሚያልፍበት ላይ ነው። በብዙ የደጋ አገር የበጋ ነፋስ ከምሥራቅ ወገን ይበዛል፤ ስለዚህ ክምሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢረዝምና የፍልጡ ጫፎች ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ ነፋሱ በጫፎቹ መካከል ዘልቆ ያልፋል። የአገሩ አቀማመጥ ነፋሱን የሚያዞረው ከሆነ ግን አውድማው ከመጽሐፍ ይልቅ ይታመናል።

ከዚያ በኋላ መሠረቱ ይጣል። አንድ ስንዝር ከፍታ ያላቸው ድንጋዮች በሁለት ረድፍ ይደርደሩና በላያቸው ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ይጋደሙ፤ በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከፍልጡ ርዝመት ጥቂት ያንሳል። ምስጥ የማይደፍረው ጽድ ለአግዳሚ ከሁሉ ይሻላል። ድንጋዩ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ የምድር እርጥበት ወደ እንጨቱ አይወጣም፥ ነፋስም በሥሩ ያልፋል። ሁለተኛ ምስጥ ወደ ክምሩ ለመውጣት በድንጋዩ ፊት ላይ የአፈር መንገድ መሥራት ግድ ይሆንባታል፤ ባለቤቱም በሳምንት አንድ ቀን ዞር ብሎ አይቶ በእንጨት ጫፍ ይፍቀዋል። እንጨቱ በመሬት ላይ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ መንገዷ አይታይም ነበር።

በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ክምሩ እንዳይናድ እንደ ምሰሶ የሚሆን ይሠራል፤ ይኸውም ሁለት ፍልጥ ወደዚህ፥ በላያቸው ሁለት ፍልጥ ወደዚያ እየተመሳቀሉ ይወጣሉ። ለዚህ ቀጥ ያለው ፍልጥ ይመረጥ። ሁለት ችካል በየጫፉ መትከልም ይቻላል፤ ምስጥ ባለበት አገር ግን ችካሉ ራሱ የምስጥ መሰላል እንዳይሆን ያስፈልጋል። በመካከሉ ያለው ፍልጥ ሁሉ በአንድ ወገን ይጋደማል። ረድፉ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ረድፍ ካስፈለገ በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት አንድ ክንድ ክፍት ይተው። እየደረደሩ መጠቅጠቅ፥ በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ማስተካከል አያስፈልግም፤ በፍልጥና በፍልጥ መካከል ብርሃን ወዲያ ማዶ ከታየ አደራደሩ ትክክል ነው። ቁመቱ ከአዋቂ ሰው ደረት አይለፍ። ከዚያ የበለጠ እንደ ሆነ እንጨቱ ሲደርቅና ሲኰማተር ክምሩ ይዘምና በልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ጭራሮውና ቅርንጫፉ ለብቻው ይታሰር። እርሱ በጥቂት ሳምንት ስለሚደርቅ ከፍልጡ ጋር መደባለቅ የነፋሱን መንገድ ይዘጋል።

ስለ ክዳኑ፥ በበጋ ክዳን አያስፈልግም፤ ፀሐይን ከእንጨቱ መከልከል ነውና። የበልግ ደመና ሲታይ ግን የላይኛው ረድፍ ቅርፊቱ ወደ ሰማይ እንዲሆን ይገለበጣል፤ በላዩም ሰንበሌጥ ወይም ሌላ የቤት ክዳን ሣር ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሎ፥ ከሁለቱም ጐን አንድ ስንዝር ወጥቶ ይከደናል። አሮጌ ቆርቆሮ ካለ ድንጋይ ተጭኖበት ያው ሥራ ይሠራል። ዛሬ ብዙ ሰው ላስቲክ ገዝቶ ክምሩን ከላይ እስከ ምድር ይጠቀልለዋል፤ ይህ የእንጀራ መሶብን ከነትኵሱ እንደ መክደን ነው። ከእንጨቱ የወጣው ተን በላስቲኩ ሥር ጠል ሆኖ ተመልሶ ይወርድበታል፤ በአንድ ወር ውስጥም ሻጋታ ይታያል። ላስቲክ ከተገኘ ለላዩ ብቻ ይሁን፤ ጐኖቹ ለነፋስ ይተዉ።

ሰኔ ሲገባ የደረቀው እንጨት ከዝናብ ወደሚሰወርበት ይዛወራል። ማድቤት ሰፊ ከሆነ በአንድ ግድግዳ በኩል፥ ካልሆነም በጣራው ክፈፍ ሥር በአግዳሚ ላይ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቆ ይደረደራል። ለሦስት ቀን የሚበቃው ብቻ በምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ይውጣ። ብዙ ሰው እርጥቡን ሁሉ በቆጥ ላይ ጭኖ በእሳት ጢስ ሊያደርቅ ይሞክራል፤ ይህ ለችግር ቀን ይረዳ እንደ ሆነ እንጂ ልማድ ሊሆን አይገባውም፤ ስንት የሣር ቤት በዚህ ምክንያት ተቃጥሏል። ከምድጃው አጠገብም እንጨት አይቈለል፤ ሌሊት ፍሙ ተንከባልሎ ሲደርስበት ቤተ ሰቡ ተኝቶ ነው። ጢሱን ለመሸሽ ብሎ በተዘጋ ቤት ከሰል አያይዞ መተኛትም ከጢሱ ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም መልክም የለውምና የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል።

ከክምሩ እንጨት ሲነሣ ከላይ ይጀመር። ልጆች ከመካከል መዝዘው እንዳያወጡ፥ እጃቸውንም በፍልጡ መካከል እንዳያስገቡ ይነገራቸው፤ እባብ ሙቀት ያለበትን የእንጨት ክምር ይወዳልና አስቀድሞ በረጅም በትር መታ መታ ማድረግ ይገባል። ከርሞ የተረፈ እንጨት ቢኖር ከአዲሱ ጋር አይደባለቅ፤ በክምሩ ዳር በአንዱ ፍልጥ ፊት ላይ የተከመረበት ወር በከሰል ይጻፍና አሮጌው አስቀድሞ ይነደድ።

መድረቁ የሚታወቅበት ምልክት

የደረቀ እንጨት ጫፉ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመካከል ወደ ዳር ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱ በእጅ ሲነካ ይለቃል፤ መልኩ ይገረጣል። ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ ሲጋጩ እርጥቡ እንደ ጭቃ የታፈነ፥ ደረቁ ግን እንደ ሸክላ የጠራ ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቁ ብቻውን አያስተማምንም፤ ፊቱ ደርቆ ተሰንጥቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ብዙ ነው። ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው አንዱን ፍልጥ እንደገና ፈልጦ አዲሱን ፊት በጕንጩ ላይ ያድርገው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተሰማው ገና ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ግን ሚዛን ነው፤ ይህንም ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። በኅዳር ወር ከአንድ ጕማጅ የተፈለጡ፥ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ፍልጦች ይወሰዱ። አንዱ በድንጋይ ላይ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው በዛፍ ጥላ ሥር በሣር ላይ ይተኛ። በየሳምንቱ ዓርብ ሁለቱም ይመዘኑና ክብደታቸው ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። እርጥብ ሳለ 2 ኪሎ የመዘነ፥ ግማሹም ውኃ የነበረ ፍልጥ 1 ኪሎ ከ250 ግራም ላይ ሲደርስ ከመቶ 20 እጅ ውኃ ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ይቀንሳል፥ በኋላ ግን ጥቂት በጥቂት ይሆናል። ሦስት ዓርብ በተከታታይ ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። በሐምሌ እንደገና ቢመዘን ጥቂት ግራም ጨምሮ ይገኛል፤ ይህ የመዛኙ ስሕተት አይደለም፥ ደረቁ እንጨት ከክረምቱ አየር እርጥበት ስለ ጠጣ ነው። በዚያው ቀን በሣር ላይ የተኛው ፍልጥም ይመዘንና በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ተሰልቶ ከደብተሩ ግርጌ ይጻፍ።